እያወቁ የተሳቀባቸው ሰው፦ የአንድ ቲም ቢልዲንግ ቅዳሜ የጉዳይ ጥናት

ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ። ለገሃር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም የማይርቅ ሆቴል ውስጥ ነን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለው አዳራሽ 84 ሰው ይዟል። ማይኩ እኔ እጅ ነው። ፊት ለፊቴ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ በመዳፍ ሲመቱት የሚጮህ ሁለት ደወል ተቀምጧል። በአንዱ ደወል በኩል የድርጅቱ የጥበቃ ሠራተኛ ቆመዋል። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፣ ኮፍያቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ አባት ናቸው። በሌላው በኩል ከሽያጭ ክፍል የመጣች ወጣት አለች።

«ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ጋሼ ቀድመው መቱ። «1954» አሉ።

ካርዴን አየሁ። 1962 ይላል። «አልተመለሰም!» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አዳራሹ ሳቀ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም፤ ጨዋታ ላይ የሚሳቅ ሳቅ ነው። ወጣቷ ደወሉን መታችና «1962» አለች። ነጥቡን ሰጠኋት። ተጨበጨበላት። ጋሼ ኮፍያቸውን አስተካከሉ፣ ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። ሦስት ጥያቄ ቆይቼ ቀና ስል ወንበራቸው ባዶ ነበር።

የቡድን ጨዋታ መምራት ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆኖኛል። ብዙ ቅዳሜዎች ተረስተውኛል። ይቺን ግን አልረሳሁም። ከመጀመሪያዋ ስልክ እስከ መጨረሻው ክፍያ ድረስ የሆነውን እጽፈዋለሁ። ይህን ሥራ ለምትሠሩም፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ቀን ለምታዘጋጁም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሥራው እንዴት መጣ

ታኅሣሥ ላይ ነው የደወሉልኝ። ዕቃ የሚያስመጣና የሚያከፋፍል መካከለኛ ድርጅት ነው። የሰው ሃብት ኃላፊዋ ቀጥተኛ ሴት ናት። «እህቴ፣ ችግራችንን ልንገርሽ» አለችኝ። «ቢሮ ያለውና መጋዘን ያለው ሰው አይተዋወቅም። አምና ቢሾፍቱ ወሰድናቸው። ሐይቁ ዳር እንኳ ሒሳብ ከሒሳብ፣ ሹፌር ከሹፌር ጋር ተቀምጦ በልቶ ተመለሰ። በቴሌቪዥን እንደምናየው ዓይነት ጨዋታ አድርጊልን። ሰው አብሮ የሚስቅበት።»

ጥያቄው ጥሩ ነበር። ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ «ደስ የሚል ነገር» ብቻ ብሎ ይተዋል። እሷ ግን ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች። ተለያይቶ የሚቀመጠው ሰው አንድ ገበታ ላይ እንዲገናኝ ነው የፈለገችው።

ዕቅዴ ይህን ይመስል ነበር። 12 ጠረጴዛ፣ በእያንዳንዱ 7 ሰው። ማንም ከክፍሉ ሰው ጋር እንዳይቀመጥ ስሙን አስቀድመን ደለደልን። ከ7 በላይ ሲሆን ሁለት ሰው ያወራል፣ የቀረው ስልኩን ያያል። ከ5 በታች ከሆነ ደግሞ የማያውቅ ሰው መደበቂያ ያጣል። መደበቂያ መኖሩ ጥሩ ነገር ነው። ዓይን አፋር ሰው መጀመሪያ አዳምጦ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው።

ጨዋታው ሦስት ክፍል ነበረው። መጀመሪያ ካሁት በሚባል የኢንተርኔት መጫወቻ በስልክ የሚመለስ ጥያቄና መልስ። ቀጥሎ የግምት ጨዋታ። መጨረሻ ላይ መድረክ ላይ የሚደረግ ፍጻሜ። ለግምቱ የሚሆን መጠይቅ ከሳምንት በፊት ለሠራተኛው በትኜ 76 ወረቀት ተሞልቶ ተመልሶልኛል። ለጥያቄና መልሱ 40 ካርድ አዘጋጀሁ።

ካርዶቹን ያዘጋጀሁት ሌሊት ነው፣ ከኢንተርኔት እየቀዳሁ። ጥፋቱ የተጀመረው እዚያ ነው። የማነበው በእንግሊዝኛ፣ የምጽፈው በአማርኛ ነበር። ቃሉን ተረጎምኩ። ዓመቱን ግን እንዳለ ገለበጥኩት።

የሰርግ ወር

ጥር የሰርግ ወር ነው። አዳራሽ አይገኝም፣ ዲጄ አይገኝም፣ ስፒከር የሚያከራዩ ልጆች ስልክ አያነሱም። የእኛን አዳራሽ ያገኘነውም አንድ ሰው ሰርዞ ነው። ከታች፣ ምድር ቤት ባለው ትልቁ አዳራሽ፣ ሰርግ ነበር።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ደርሼ ሁሉን ነገር ሞከርኩ። ስክሪኑ ይሠራል። ማይኩ ይሠራል። የሆቴሉን ዋይፋይ በሦስት ስልክ ሞከርኩት፣ እንደ ውሃ ይፈሳል። ደስ ብሎኝ ምሳዬን በላሁ።

8 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን። 84 ሰው ስልኩን አውጥቶ ልግባ ሲል ዋይፋዩ ቀጥ አለ። ታች ያለው ሰርገኛም በዚያው መስመር ቪዲዮ እየላከ ነው። ግማሹ ሰው ገባ፣ ግማሹ ጎማው እየዞረ ቀረ። የገቡትም ቢሆኑ እየወጡ ይገባሉ። አንዳንዱ በራሱ ዳታ ሞከረ። ፓኬጅ የሌለው ዝም ብሎ ተቀመጠ።

ካሁት የማታውቁት ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የተከፈተ የኖርዌይ ሥራ ነው። ጥያቄው በትልቁ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ተጫዋቹ ስልኩ ላይ ካሉት ቀለማት አንዱን ይነካል። ነጥቡ በፍጥነት ነው። ቶሎ የመለሰ እስከ 1,000 ነጥብ ያገኛል፣ የዘገየ እየቀነሰበት ይሄዳል። መልካም ኔትወርክ ባለበት ደስ ይላል። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ግን ጨዋታው የዕውቀት መሆኑ ያበቃል። ጥሩ ስልክና ጥሩ ፓኬጅ ያለው ያሸንፋል። የሚያሸንፈው ደግሞ ሁልጊዜ ቢሮ ያለው ሰው ነው።

ይባስ ብሎ፣ ከተሰብሳቢው 11 ሰው ባለ ቁልፍ ስልክ ነበር የያዘው። ማን ምን ስልክ እንዳለው ቀድሜ አልጠየቅኩም። አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ሲደብቅ አየሁት። ሰውን ለማቀራረብ ተጠርቼ፣ በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ያለውንና የሌለውን ለይቼ አስቀመጥኩት።

ካሁቱን ዘጋሁት። በድንጋጤ የወሰንኩት ውሳኔ ደወሉ ነበር። «ከየጠረጴዛው አንድ አንድ ሰው ይውጣልኝ!» አልኩ።

ደወሉ

ደወል ያለበት ጨዋታ ለተመልካች ግሩም ነው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቆማል፣ እጅ ይዘረጋል፣ አዳራሹ ትንፋሹን ይይዛል። ችግሩ ሰው ጥያቄው ሳያልቅ መምታቱ ነው። «የአክሱም ሐውልት...» ስል ቲንግ ይላል። ጀፐርዲ በሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ውድድር ይህንን በመሣሪያ ነው የፈቱት። አንባቢው ሳይጨርስ የተጫነ ሰው ቁልፉ ለሩብ ሰከንድ ይዘጋበታል። እኛ መሣሪያው ስለሌለን ደወሉን በስኒ እንከድነዋለን። አንብቤ ስጨርስ ረዳቴ ስኒውን ታነሳለች። ቀላል ነው፣ ይሠራል።

ስኒ የማይከድነው ሌላ ችግር ግን አለ። ደወል ሰውን ለብቻው ያቆማል። ጠረጴዛው ላይ ስትሳሳት ከ6 ሰው ጋር ነው የምትሳሳተው። ደወሉ ጋ ስትሳሳት አለቃህ፣ የአለቃህ አለቃ፣ ነገ ጠዋት በር ላይ ሰላም የምትለው ሰው ሁሉ እያየህ ነው። እኛ አገር ይሉኝታ ከባድ ነገር ነው። ሰው ስላላወቀ አይደለም የሚፈራው፤ አላወቀም እንዳይባል ነው።

ሥራ አስኪያጁም ይጫወቱ ነበር። እሳቸው ደወሉ ጋ ሲቆሙ ከፊታቸው የቆመው ሹፌር እጁን አላነሳም። መልሱን እንደሚያውቅ ከፊቱ ያስታውቃል። ዝም አለ። ነጥቡ ለሥራ አስኪያጁ ሄደ። እሳቸውም ነገሩ ገብቷቸው አፈሩ።

ከዚያ ቀጥሎ ነው ጋሼ የወጡት። ጠረጴዛቸው ነው የገፋፋቸው፣ «ኳስ ከሆነ እርስዎ ነዎት» ብለው።

የቡና ሰዓት

ለዕረፍት 20 ደቂቃ ሰጠሁ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው እየተቆላ ነው። አንድ ወጣት ሹፌር አጠገቤ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ጋሼ እኮ ልክ ናቸው። በእኛ 54 ነው» አለኝ።

ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ፍጻሜው የተደረገው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 ይሆናል። ኢትዮጵያ የያኔዋን የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። የተጫወቱት እዚሁ ነው፣ ከሆቴሉ በእግር በሚደረስበት ስታዲየም። እኔ ደግሞ «በስንት ዓመተ ምሕረት» ብዬ ነው የጠየቅኩት። ዓመተ ምሕረት የእኛ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ በጥያቄዬ ቃል ከሄድን ጋሼ ብቻ ነበሩ ልክ። ልክ የሆነውን ሰው ሰው ፊት «አልተመለሰም» ብዬ መለስኩት።

40ውን ካርድ ዘረገፍኩ። 9ኙ ዓመት አለባቸው፣ 9ኙም የፈረንጅ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው «1960» ይላል። በእኛ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፣ ለአዲስ ዓመት አንድ ቀን ሲቀረው። ሉሲ የተገኘችው «1974» ይላል። በእኛ ኅዳር 15 ቀን 1967 ነው። ልብ በሉ፣ በአንደኛው ልዩነቱ 8 ዓመት ነው፣ በሌላው 7። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ይቀነሳል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ድረስ 8። ወሩን ሳያውቁ ዓመቱን መገልበጥ አይቻልም። በችኮላ «7 ቀንሼ ልጻፈው» ብል ኖሮ የጋሼን ጥያቄ 1955 ብዬ ሌላ ስህተት እሠራ ነበር።

ጋሼን ፍለጋ ወረድኩ። መኪና ማቆሚያው ጋ፣ በአበባ በተሸለሙት የሰርግ መኪኖች መሃል፣ ከሆቴሉ ጥበቃ ጋር ቆመው ያወራሉ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልክ ነዎት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ምንም አይደል ልጄ» አሉ ወዲያው። ሰው ሁሉ የሚለው ነው። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉ። «አባቴ ይቺን ዓመት እንደ ልጅ ልደት ነበር የሚቆጥሯት። ሉቺያኖ፣ መንግሥቱ ወርቁ እያሉ ነው ያሳደጉን። ባላውቅ ኖሮ ምንም አይመስለኝም ነበር። እያወቅኩ ሳቁብኝ።»

የምመልሰው አጣሁ። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ባለማወቅ መሳቂያ መሆን አንድ ነገር ነው። እያወቁ፣ ያውም አባት ያወረሰውን ነገር እያወቁ፣ መሳቂያ መሆን ሌላ ነው።

ሰው ፊት ያጠፋሁትን ሰው ፊት ማስተካከል አለብኝ። ግን ሳላስፈቅድ በማይክ ብናገር ጋሼን ሁለተኛ መድረክ ላይ ማቆም ይሆናል። ስለዚህ ጠየቅኳቸው። «ወጥቼ ብናገር ይከፋዎታል?» አልኩ።

አሰቡበት። «ተናገሪ» አሉ። «ልጅቷን ግን እንዳታሳፍሪያት።»

ከዕረፍት በኋላ

ማይኩን ይዤ ቆምኩ። «የአፍሪካ ዋንጫው ጥያቄ ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በእኛ 1954 ነው። በአውሮፓ 1962። ሁለቱም ተጫዋቾች ልክ ናቸው፣ ለሁለቱም ጠረጴዛ ነጥብ ይያዝላቸው። ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ በላይ አልቀጠልኩም። ይቅርታ ሲረዝም ተበዳዩን ነው የሚያደክመው። አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሼ ሲገቡ የሽያጯ ልጅ ብድግ ብላ ወንበራቸውን ሳበችላቸው።

31 ካርድ ቀርቶኝ ነበር። ሁሉንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ሥራ አስኪያጁን ነጥብ መዝጋቢ እንዲሆኑልኝ ለመንኳቸው። በደስታ ተቀበሉኝ። እስክሪብቶ ይዘው ትልቁ ወረቀት ጋ ቆሙ። ያኔ ነው ሹፌሩ እጁን የፈታው።

የግምት ጨዋታውን አስቀደምኩ። ይህ በ1968 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ የቴሌቪዥን ጨዋታ ዘር ነው። እኛም የቤተሰብ ጨዋታ ብለን በኢቢኤስ አይተነዋል። 100 ሰው አስቀድሞ ይጠየቃል። ተጫዋቹ ትክክለኛውን መልስ አይፈልግም፤ ብዙ ሰው ምን ብሎ ይሆን ብሎ ይገምታል። ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ዲግሪ አይረዳም። ሰውን ማወቅ ነው የሚረዳው።

«ሥራ ስታረፍዱ የምትሰጡት ምክንያት ምንድን ነው?» የሚለው ከጥያቄዎቼ አንዱ ነበር። ከ76ቱ ወረቀት 29ኙ «መንገድ ተዘጋግቶ»፣ 21ዱ «ታክሲ አጥቼ» ብለዋል። እነዚህ ሁለቱ ወዲያው ተገኙ። ሦስተኛው ጠፋ። «ልጅ ታሞ» ተባለ፣ «ዝናብ» ተባለ፣ «ለቅሶ» ተባለ። የለም። የጋሼ ጠረጴዛ ተራው ደረሰ። 7ቱ ተቃቅፈው ተማከሩ። ጋሼ ሲያንሾካሹኩ ጠረጴዛው በሳቅ ፈነዳ።

«አላርሜ አልጮህም አለ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

14 ሰው። ልክ ነው። የመግቢያውን መዝገብ የሚያስፈርሙት ጋሼ ናቸው። ያረፈደ ሁሉ ምክንያቱን መጀመሪያ የሚናገረው ለእሳቸው ነው። በዚያ ድርጅት ውስጥ የዚያን ጥያቄ መልስ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። የአሁኑ ሳቅ ሌላ ሳቅ ነበር። ሰው በራሱ ላይ ነው የሳቀው፣ እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ሀገር ስጡን

ለፍጻሜው ምን ላድርግ? ደወሉን መመለስ አልፈለግኩም። ቡናው ሲፈላ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። እኛ ልጅ ሆነን ማታ ማታ የምንጫወተው የራሳችን ጥያቄና መልስ አለን። እንቆቅልህ። ደንቡን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም። ማይኩን ከፍ አድርጌ «እንቆቅልህ!» ስል 84 ሰው በአንድ አፍ «ምን አውቅልሽ!» አለ። ያን ቀን አዳራሹ አንድ ድምፅ ሲያወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሙቀት ለመስጠት ሁሉም የሚያውቃትን ጣልኩ። «ቤቷን ዘግታ ትጨፍራለች።» «ምላስ!» አሉ ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ።

የእንቆቅልህ ትልቁ ብልሃት ያቃተው ሰው የሚሆነው ነገር ነው። «አልተመለሰም» አይባልም። ነጥብ አይቀነስበትም። «ሀገር ስጠኝ» ይባላል። ሀገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ተሸናፊው ሰጪ ነው። መስጠት ደግሞ በእኛ ዘንድ ክብር ያለው ነገር ነው። ይህን ያወጡት ሰዎች ስለ ይሉኝታ ከእኔ በላይ አስበውበታል።

ደንቡን ትንሽ አሻሻልኩት። እያንዳንዱ ጠረጴዛ የአባላቱን የትውልድ ቦታ አምስት ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ያ ሀብቱ ነው አልኩ። ጠረጴዛዎች እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። መመለስ ያቃተው አንድ ሀገር ይሰጣል። መጨረሻ ላይ ብዙ ሀገር የያዘ ያሸንፋል።

ከዚያ የሆነውን ባያችሁት። ወረቀቱን ለመጻፍ «አንተ የት ነው የተወለድከው?» መባባል ግድ ነው። ሁለት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ የሠሩ ሁለት ሰዎች ሁለቱም የአሰላ ልጆች መሆናቸውን ያወቁት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንደኛው ከሒሳብ ክፍል፣ ሌላው ከመጋዘን። ትምህርት ቤታቸውን፣ መምህራቸውን እያነሱ ጨዋታውን ረሱት። አልቀሰቀስኳቸውም። የሰው ሃብት ኃላፊዋ የፈለገችው ይህንኑ ነበርና።

ሀገር መስጠትም ቀላል አልሆነም። «ነቀምቴን እንስጥ?» «ኧረ አይሆንም፣ እናቴ አለች!» «እሺ ሶዶን።» «ሶዶ አይነካም!» ሰው ከደመወዙ ላይ የሚቆረጥበት ይመስል ይከራከራል።

ከኮምፒውተር ክፍል የመጡት ልጆች የሚያውቁት እንቆቅልህ ስላልነበራቸው ፈጠሩ። «ሲኖር ማንም አያመሰግነውም፣ ሲጠፋ ሁሉም ስሙን ይጠራል።» ከወዲያ «መብራት!» ተባለ። «አይደለም፣ ኔትወርክ ነው» አሉ። ጭቅጭቅ ሆነ። ሁለቱም ያስኬዳል። ዳኛ አላዘጋጀሁም ነበር። እዚያው ቡና ከምታፈላው እህት፣ ከአንድ አስተናጋጅና ከነጥብ መዝጋቢያችን ሦስት ዳኛ አቋቋምኩ። «መብራትም ይቆጠር» ብለው ፈረዱ። አንድ ሹፌር ደግሞ «እኛ ጋ ሂቦ ነው የሚባለው» ብሎ በኦሮምኛ ጠየቀ። ጠረጴዛው ለሌላው ተረጎመለት። ተጠያቂው ጠረጴዛ ላይ የነበረች ልጅ ግን ትርጉሙን ሳትጠብቅ በኦሮምኛ መለሰችለት። ያኔ የተጨበጨበው ጭብጨባ ታች ያለውን ሰርግ ሸፍኖታል።

የጋሼ ተራ ደረሰ። አላወጣኋቸውም። ከተቀመጡበት፣ ማይኩን ወደ እሳቸው ወስጄ ያዝኩላቸው።

«እንቆቅልሽ» አሉ፣ ወደ ሰው ሃብት ኃላፊዋ ጠረጴዛ ዞረው።

«ምን አውቅልዎ» አለች።

«ሌሊቱን አብሮኝ ያድራል። መብራት ሲጠፋ ጥሎኝ ይሄዳል።»

ውሻ ተባለ። ራዲዮ ተባለ። እንቅልፍ ተባለ፣ እዚህ ላይ ራሳቸውም ሳቁ። ጊዜው አለቀ። ኃላፊዋ የሚጨበጨብላትን ያህል ቆማ ደሴን ሰጠቻቸው። የተወለደችበትን።

«ጥላዬ ነው» አሉ ጋሼ።

አዳራሹ ለአፍታ ዝም አለ። ሌሊት በር ላይ ብቻውን ቆሞ ጥላውን የሚያይ ሰው፣ መብራት ሲጠፋ እሱንም የሚያጣ ሰው፣ ሁላችንም ዓይን ፊት መጣ። ከዚያ ጭብጨባው መጣ፣ ረጅም።

ጠረጴዛቸው ሦስተኛ ወጣ። ያሸነፈው ጠረጴዛ ቁጥር 9 ነው። ሽልማቱ ሰባት ፔርሙዝ ነበር።

አሁን እንዴት እሠራለሁ

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ብዙ ነገር ቀይሬያለሁ። ካርዶቼ ላይ ዓመት ካለ በእኛ አቆጣጠር ወሩና ቀኑ አብሮ ይጻፋል፣ ከሥሩ የአውሮፓው። ሁለቱንም መልስ እቀበላለሁ። ይህንን ደግሞ ጨዋታው ሳይጀመር እናገራለሁ። ካርዱን ሌላ ሰው ሳያነብልኝ አዳራሽ አልገባም፣ ቢቻል ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ሰው።

ለደንበኛ የምልከው መጠይቅ ላይ ስንት ሰው ባለ ቁልፍ ስልክ እንደሚይዝ፣ ስንት ሰው ማንበብ እንደሚቸገር እጠይቃለሁ። አንድም ሰው የሚቀር ከሆነ በስልክ የሚደረገውን ጨዋታ እተወዋለሁ። ጠረጴዛው አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ይበቃዋል። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም። ሆቴሉን ደግሞ በዚያ ቀን ሌላ ዝግጅት አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ጥር ላይ በተለይ።

ደወሉን አልጣልኩትም። ግን አሁን ወደ ደወሉ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚወጡት፣ በፈቃዳቸው። ተማክረው ይመቱታል። ትንሽ ያቀዘቅዘዋል፣ አውቃለሁ። ሁለት ሰው ሲሳሳት ግን ተያይቶ ይስቃል፣ አንድ ሰው ሲሳሳት መሬት ያያል። አለቃ ካለ ከመጀመሪያው ሥራ እሰጠዋለሁ፣ ነጥብ መመዝገብ ወይም ሰዓት መያዝ።

«አልተመለሰም!» የሚለውን ጩኸቴንም ትቼዋለሁ። «ሌላ የሚሞክር?» እላለሁ። ድምፄን ሳልጨምር።

ያልፈታሁት ነገርም አለ። እንቆቅልህ 12 ጠረጴዛ ሲሆን ይረዝማል። በዚያ ቀን 50 ደቂቃ ፈጅቷል፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ጠረጴዛዎች ተራ ሳይደርሳቸው ደክሟቸው ነበር። በሁለት ምድብ ከፍሎ ማጫወት ይቻላል፣ ግን ያ አንድ ድምፅ ይከፈላል። እስካሁን የሚሻል መንገድ አላገኘሁም። ያገኘ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ሰኞ፣ በሳምንቱ፣ ቀሪ ክፍያዬን ለመቀበል ወደ ድርጅቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ጋሼ ነበሩ። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። የእንግዳ መዝገቡን ገልጠው እስክሪብቶውን አቀበሉኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ጻፍኩ። ቀኑ ጋ ስደርስ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት።

«ቀኑን በእኛ ጻፊው» አሉኝ።

የካቲት 3 ቀን 2017 ብዬ ጻፍኩ።